ጣቴ ዳነ፣ ባቴ ታመመ፤ ከትንሽ የእግር ኦፕራሲዮን በኋላ ወደ ሩጫ አመላለስ

ከስድስት ወር በፊት የግራ እግሬን አውራ ጣት ኦፕራሲዮን ሆንኩ። ትንሽ ነገር ናት። ጥፍሬ በጎኑ ሥጋ ውስጥ ገብቶ አላስረግጥ ብሎኝ ነበር፤ ሐኪሙ የገባውን ጠርዝ ቆርጦ አወጣልኝ። ሃያ ደቂቃ ብትፈጅ ነው። ቁስሉ በወሩ ዳነ። እኔ ግን ወደ ሩጫዬ ለመመለስ ከሁለት ወር በላይ ፈጀብኝ። ጥፋቱ የጣቴ አይደለም፣ የችኮላዬ ነው።

ሐዋሳ ውስጥ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የምውለው። ጠዋት ከፒያሳ ወደ ፍቅር ሐይቅ ወርጄ ዳር ዳሩን እስከ አሞራ ገደል እሮጣለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ታቦር ተራራ እወጣለሁ። ሜዳሊያ የማመጣ ሰው አይደለሁም፤ ሳልሮጥ የገባሁ ቀን ግን ተማሪዎቼ ከፊቴ ያውቁብኛል።

ቀጠሮ ስትይዙ ከተቻለ አርብ ከሰዓት ይሁን። ቅዳሜና እሁድን ተኝታችሁ ታሳልፋላችሁ። ነጠላ ጫማ አድርጋችሁ ሂዱ፤ ፋሻው በሌላ ጫማ አይገባም። ስኳር ካለባችሁ፣ ደም ማቅጠኛ ከወሰዳችሁ ወይም የማይስማማችሁ መድኃኒት ካለ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ስኳር ያለበት ሰው እግር ቶሎ አይድንም፤ ለእሱ የኔ ቀን አቆጣጠር አይሠራም፣ ሐኪሙ ያለውን ብቻ ይከተል።

የሚያመው ማደንዘዣው ነው። ጣቱ ሥር ግራና ቀኝ ይወጋሉ። ጥርስ ነከስ ማድረግ ነው፣ ያልፋል። ከዚያ በኋላ ሲጎትቱ ይሰማችኋል እንጂ አያማችሁም። ለኔ ጥፍሩ ተመልሶ እንዳይበቅል ሥሩ ላይ ፌኖል የሚባል ኬሚካል ቀቡልኝ። የኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝና ሽታውን ወዲያው አወቅኩት፤ ነርሷ ሳቀችብኝ።

ቤት ስትገቡ እግራችሁን ከልባችሁ ከፍ አድርጋችሁ ተኙ። ሁለት ትራስ ይበቃል። መደንዘዙ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይለቃል፤ የታዘዘላችሁን ማስታገሻ ሳይለቅ ብትውጡ ይሻላል። እኔ "እስቲ ካመመኝ" ብዬ ቆይቼ እኩለ ሌሊት ላይ ጣቴ እንደ ከበሮ ይመታ ጀመር።

ፋሻው ላይ ትንሽ ደም ቢታይ አትደንግጡ። ፋሻ መቀየር የምትጀምሩበትን ቀን ሐኪሙ ይነግራችኋል። የደረቀ ፋሻ ቁስል ላይ ይጣበቃል፤ በጉልበት አትላጡት። ውኃ አፍልታችሁ ለብ ሲል ትንሽ ጨው ጨምሩና ፋሻውን አርሱት፣ በራሱ ይለቃል። ከዚያ አድርቃችሁ በንጹሕ ጎዝ ሸፍኑት።

እናቴ የተፈጨ ቡና ይዛ መጣች። "ደም ያቆማል፣ እኛ በምን አደግን?" አለች። "እማዬ፣ ቡናውን አፍይልኝ፣ ጣቴን ተይልኝ" አልኳት። ለሁለት ቀን አኮረፈችኝ። ቡናም፣ አመድም፣ ቅጠልም ክፍት ቁስል ላይ አይደረግም። ሐይቁ ውስጥም እግር አይነከርም። ሐዋሳ ሐይቅ ቢልሃርዝያ አለበት፤ እሱ ደግሞ ቁስል እንኳ አይፈልግም፣ በደህና ቆዳም ይገባል።

ፌኖል የተቀባ ጣት ለሁለት ሦስት ሳምንት ቢጫ ቢጫ ውኃ ያወጣል። ይኼ መግል አይደለም። መመርቀዝ ከሆነ ሌላ ነው፦ ቅላቱ ቀን በቀን ይሰፋል፣ ሕመሙ መቀነስ ሲገባው ይብሳል፣ ይሸታል፣ ትኩሳት ይመጣል፣ ቀይ መስመር ወደ ላይ ይወጣል። ከነዚህ አንዱን ካያችሁ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ያን ዕለት ሂዱ።

ለመንገድ አንድ ብልሃት አገኘሁ። ያረጀ ስኒከሬን ጫማ ሰፊ ዘንድ ወስጄ የግራውን አፍንጫ አስቆረጥኩት። ተረከዜ ተይዟል፣ ጣቴ ክፍት ነው። ሸበጥ እንዳይወልቅ ጣቶቻችሁን እያስጨነቀ ነው የሚያስኬዳችሁ፤ ለቁስል አይሆንም። ዝናብ ሲሆንም ባጃጅ ያዙ እንጂ ጭቃ ውስጥ አትግቡ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። በዘጠነኛው ቀን፣ እሁድ ጠዋት፣ ጣቴን ጫን ሳደርገው አላመመኝም። ጫማዬን አሰርኩና ሐይቁ ዳር አምስት ኪሎ ሜትር ሮጥኩ። በማግስቱ ጣቴ ደህና ነው። የቀኝ ባቴ ግን እንደ ድንጋይ ደርቋል። ጣቴን ላለማስነካት ግራ እግሬን በውጭ ጠርዙ ስረግጥ ሸክሙን ሁሉ ለቀኝ ሰጥቼው ነበር። ያ ባት ሦስት ሳምንት አስቀመጠኝ።

ደግሞ እኮ ማነከሴ ለራሴ አይታወቀኝም። ያወቅኩት ክፍል ውስጥ ነው። ወደ ሰሌዳው ዞሬ ስጽፍ ሳቅ ሰማሁ። ዞር ስል አንዱ ልጅ አካሄዴን እያስመሰለ ከዴስክ ዴስክ ይሄዳል። አልቆጣሁትም። ከመቼ ጀምሮ እንዲህ እንደምሄድ ብቻ ጠየቅኩት። "ቲቸር፣ ከታመሙ ጀምሮ" አለኝ።

ስለዚህ ከመሮጣችሁ በፊት ሰው ከኋላ ይያችሁ። ወይም ባዶ እግራችሁን ሴራሚክ ላይ ሂዱና ኮቴያችሁን አዳምጡ። አንዱ እግር "ጧ" ሌላው "ጧጧ" ካለ ገና ናችሁ። ግማሽ ሰዓት ሳታነክሱ መሄድ፣ በጣታችሁ ጫፍ ሃያ ጊዜ ከፍ ዝቅ ማለት፣ በታመመው እግር ብቻ አሥር ጊዜ መዝለል ካልቻላችሁ ሩጫ የለም። የሩጫ ጫማችሁን ቀኑን ሙሉ አድርጋችሁ ዋሉና ማታ ካልሲውን እዩት። ካረጠበ ቁስሉ አልተዘጋም።

እስከዚያው ሆድና ወገብ አሠሩ፣ ፑሽ አፕ ሥሩ፣ ተኝታችሁ እግር አንሡ። በሁለት ሳምንት ዕረፍት ትንፋሽ ያን ያህል አይጠፋም።

የግቢያችን ጋሼ ግን በየቀኑ "አበበ ቢቂላ ኦፕራሲዮን ሆኖ አይደል ቶኪዮ ያሸነፈው?" ይሉኛል። እውነት ነው፤ በ1957 ዓ.ም. ከውድድሩ አምስት ስድስት ሳምንት ቀደም ብሎ ትርፍ አንጀቱ ወጥቶ ነበር። "ጋሼ፣ አበበ በትርፍ አንጀቱ አልሮጠም" አልኳቸው። ለኔ የሚቀርበው ኃይሌ ነው። በ1993 መስከረም ሲድኒ ላይ ወርቅ ካመጣ በኋላ የተረከዝ ጅማቱን ኦፕራሲዮን ሆነ። ወደ ትልቅ መድረክ የተመለሰው ነሐሴ ላይ፣ በኤድመንተኑ የዓለም ሻምፒዮና ነው፤ ያኔም ነሐስ ነው ያገኘው። የሱ ጉዳት ከኔ ጥፍር ጋር አይወዳደርም፤ ግን ኃይሌ ወራት ከጠበቀ እኔ አምስት ሳምንት ብጠብቅ ምን ነበረበት?

ስትጀምሩ አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ። አሥር ዙር። አንድ ቀን እየዘለላችሁ። በየሳምንቱ ሩጫውን አንድ ደቂቃ ጨምሩ። አስፋልት ወይም ደልዳላ አፈር ይሁን፤ ኮብልስቶን እግርን ያጣምማል። ታቦርን ለመጨረሻ አቆዩት። ዳገቱ አይደለም ችግሩ፣ ቁልቁለቱ ነው፤ ስትወርዱ ጣት ከጫማው አፍንጫ ጋር ይጋጫል። እኔ የወጣሁት በአሥራ ሦስተኛው ሳምንት ነው፤ ስወርድ በእርምጃ ወረድኩ።

ለጥፍሬ መነሻ የሆነው ሰልባጅ ተራ የገዛሁት ጫማ ነው። ጠቦኝ እያለ ዋጋው ጥሩ ስለነበር "ይሰፋል" ብዬ ወሰድኩት። አልሰፋም። ጫማ ማታ ማታ ግዙ፣ እግር ያኔ አበጥ ይላል። ቆማችሁ ከረጅሙ ጣታችሁ ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ ይትረፍ። ማሰሪያውን ቁርጭምጭሚት ጋ ጠበቅ አድርጉት፣ እግር ወደ ፊት እንዳይንሸራተት።

ጥፍራችሁንም ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ። ጥጉን በምላጭ እየቆፈሩ ማክበብ ይቅር። እኔ ምላጩን ከቤት አውጥቼ ጥፍር መቁረጫ ገዝቻለሁ። እናቴ ዋጋውን ስትሰማ "በዚህ እኮ ግማሽ ኪሎ ቡና ይገዛ ነበር" አለችኝ።