የኮምፒውተርና የሞባይል ጠጋኞች በስታቲክ ላይ የሚሠሯቸው ስህተቶች

«አልነዘረኝም፣ ስለዚህ ስታቲክ የለም» ማለት። ሰው ስታቲክ (በመፋተግ ሰውነትና ዕቃ ላይ የሚጠራቀም ኤሌክትሪክ) ሲመታው የሚሰማው ወደ 3,000 ቮልት ሲጠጋ ነው። ከ100 ቮልት በታች የሚጎዳ አይሲ (ቦርድ ላይ ያለ ቺፕ) ግን አለ። እጃችሁ ምንም ሳይሰማው ራሙ ሊመታ ይችላል። የሚያናድደው ወዲያው የማይሞተው ነው፦ ተፈትሾ፣ ሠርቶ፣ ደንበኛው ከወሰደው በኋላ ይመለሳል፤ ጥፋቱም በመለዋወጫው ይሳበባል። አየሩ በሚደርቅበት ከኅዳር እስከ ጥር፣ በተለይ ሰው ሠራሽ ሹራብ ለብሶ ለሚሠራ፣ ችግሩ ይብሳል።

ሶኬት ላይ ሰክቶ ኬዙን መያዝ። ስታቲክን ለማስወገድ የሚሰጠው ይህ ምክር የሚሠራው ግራውንዱ (ወደ መሬት የሚወርደው የመከላከያ ሽቦ) በእርግጥ መሬት በሚደርስበት ቤት ብቻ ነው። እኛ ጋ ብዙ ሶኬት የግራውንድ ቦታ አለው፣ ከጀርባው ግን ሽቦ የለም። ማራዘሚያውም ብዙ ጊዜ ባለ ሁለት ሽቦ ነው። ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ያሉት የማጣሪያ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያከማቹ ክፍሎች) ከፌዝም (ኤሌክትሪክ ካለበት ሽቦ) ከኒውትራልም (ከመመለሻው ሽቦ) ወደ ኬዙ ይገናኛሉ፤ ግራውንድ ከሌለ ኬዙ 110 ቮልት ገደማ ይዞ ይቀመጣል። ኮምፒውተር ስትነኩ ውርር የሚያደርጋችሁ ይኸው እንጂ ስታቲክ አይደለም። የእጅ ማሰሪያችሁን (ስታቲክን ከሰውነት በሽቦ የሚያወጣውን አንባር) እዚያ ኬዝ ላይ ስታስሩ ራሳችሁን ከ110 ቮልት ጋር አገናኛችሁ ማለት ነው፤ በዚያው እጅ ሌላ ቦርድ ስትነኩ ቦርዱን ለዚያ ቮልቴጅ ታጋልጡታላችሁ።

ስለዚህ አስቀድማችሁ ለኩ። ሶኬቱ ላይ ምንም ሳይሰካ መልቲሜትሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርጉና በፌዝና በግራውንድ መካከል አንብቡ። 220 አካባቢ ካላሳየ፣ ወይም ቁጥሩ ከዋዠቀ፣ ግራውንድ የለም። 220 ማሳየቱም ብቻውን አይበቃም፤ ግራውንዱን ከኒውትራል ጋር ሶኬቱ ውስጥ የሚያገናኙ አሉ። ይህን እባካችሁ አታድርጉ፤ ኒውትራሉ የተበጠሰ ቀን ኬዙ ሙሉ 220 ይሆናል። ሶኬቱን ከፍታችሁ የምታዩ ከሆነ መጀመሪያ ቆጣሪው ላይ አጥፉ። ትክክለኛው መፍትሔ በኤሌክትሪክ ባለሙያ የግራውንድ ዘንግ ማስቀበር ነው።

እስከዚያው ግን መሥራት ይቻላል። ኮምፒውተሩን ንቀሉ፣ ባትሪውን አላቁ፣ ከዚያ ማሰሪያውን፣ የጠረጴዛውን አንቲስታቲክ ምንጣፍና ኬዙን አንድ ነጥብ ላይ አገናኙ። ቦርዱን ከስታቲክ የሚያድነው እናንተና እሱ እኩል ቮልቴጅ ላይ መሆናችሁ ነው።

ማሰሪያውን እጅጌ ላይ ማሰር ዋጋ የለውም፤ ብረቱ ቆዳ ይንካ። ሽቦ አልባ የሚባለውን አትግዙ፣ አይሠራም። የተበጠሰውን ማሰሪያ በተራ ሽቦ መቀየር ደግሞ አደገኛ ነው፤ ኦርጅናሉ ውስጥ 1 ሜጋ ኦህም ሬዚስተር አለ። 220 ቮልት ቢነካችሁ በማሰሪያው በኩል ከ0.22 ሚሊ አምፒር በላይ እንዳያልፍ የሚይዘው እሱ ነው።

ቦርድን በደረቅ የጥርስ ብሩሽ መፈግፈግ። የፕላስቲክ ጸጉሩ ራሱ ስታቲክ ያመነጫል። በአልኮል አርጥባችሁ ጥረጉ፣ ወይም የአንቲስታቲክ ብሩሽ ተጠቀሙ።

የአዲስ ስክሪን ላስቲክ በአንድ ጊዜ መላጥ። ቀስ እያላችሁ ላጡት።

ብርማውን ከረጢት እንደ ምንጣፍ አንጥፎ ቦርድ ማስነሳት። ከረጢቱ ዕቃውን የሚከላከለው ውስጡ ተዘግቶበት ሲቀመጥ ነው፤ ላዩ ኤሌክትሪክ ሊያስተላልፍ ስለሚችል ሾርት ያደርጋል። ነጩ የማሸጊያ ፎምም ከጠረጴዛው ይውረድ፤ ከግራውንድ ጋር ብታገናኙትም ስታቲኩን አይለቅም።

ማሰሪያ አድርጎ ፓወር ሰፕላይ መክፈት። ዋናው ካፓሲተር ተነቅሎም 310 ቮልት ገደማ ይዞ ሊቆይ ይችላል። እዚህ ማሰሪያው ይውለቅ፤ ካፓሲተሩ ባዶ መሆኑን በመልቲሜትር ሳታረጋግጡ እጅ አታስገቡ።