ሪስታርት ማድረግና አጥፍቶ ማብራት፦ በዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ የትኛው መቼ ይጠቅማል?

ኮምፒውተር ሲያስቸግር «አጥፍተህ አብራው» የሚለው ምክር በየቢሮውና በየኢንተርኔት ቤቱ የተለመደ ነው። ምክሩን የሚሰሙ ብዙ ሰዎችም ሪስታርት የችኮላ መፍትሔ፣ ሻት ዳውን አድርጎ እንደገና ማብራት ደግሞ አስተማማኙ መንገድ ይመስላቸዋል። በዊንዶውስ 8፣ 10 እና 11 ላይ ግን ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው።

ምክንያቱ በ2012 እ.ኤ.አ. ከዊንዶውስ 8 ጋር የመጣው «ፋስት ስታርትአፕ» የተባለ አሠራር ነው። ይህ አሠራር በርቶ ሳለ ሻት ዳውን ሲያደርጉ፣ ዊንዶውስ የከፈቷቸውን ፕሮግራሞች ዘግቶ ከአካውንትዎ ያስወጣዎታል፤ የሥርዓቱን እምብርት፣ ማለትም ከርነሉንና ድራይቨሮቹን (የኮምፒውተሩን ዕቃዎች የሚያሠሩትን ፕሮግራሞች) ግን ያሉበትን ሁኔታ እንዳለ ዲስክ ላይ ጽፎ ያስቀምጣል። በማግሥቱ ሲያበሩት ያንኑ ወደ ራም (ኮምፒውተሩ ሲሠራ ወደሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማኅደር) ይመልሰዋል እንጂ ሁሉን ከመጀመሪያ አያስነሳም። ፍጥነቱ የሚገኘው ከዚህ ነው፤ ጣጣውም የሚመጣው ከዚሁ ነው፤ ትናንት የተዛባ ድራይቨር ዛሬም እንደተዛባ ሊነሳ ይችላልና። ሪስታርት ግን ፋስት ስታርትአፕ በርቶም ቢሆን ከርነሉን ጨምሮ ሁሉንም ዘግቶ እንደ አዲስ ያስነሳል።

ይህን በዓይን ማየት ለሚፈልግ፣ ታስክ ማናጀርን ከፍቶ «ፐርፎርማንስ» በሚለው ክፍል ውስጥ ሲፒዩን መምረጥና «አፕ ታይም» የሚለውን ቁጥር መመልከት ይበቃል። በየማታው የሚጠፋ ኮምፒውተር ለብዙ ቀናት ሳያቋርጥ እንደሠራ ተቆጥሮ ሊገኝ ይችላል፤ ሪስታርት ሲደረግ ግን ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል።

ስለዚህ ድምፅ ሲጠፋ፣ ዋይፋይ አልገናኝ ሲል፣ ወይም አፕዴትና አዲስ ድራይቨር ሲጫን፣ የጀመሩትን ሥራ ሴቭ አድርገው ሪስታርት ያድርጉ።

ሪስታርት የማይፈታው ችግር ደግሞ አለ። ሪስታርት ሲደረግ ኤሌክትሪኩ ከማዘርቦርዱ ስለማይቋረጥ፣ የደነዘዘ የኔትወርክ ካርድ ወይም የዩኤስቢ መሣሪያ እንደደነዘዘ ሊቀር ይችላል። ያን ጊዜ የሺፍት ቁልፍን ተጭነው ይዘው ሻት ዳውን የሚለውን ይምረጡ፤ ይህ ፋስት ስታርትአፕን ለዚያች ጊዜ ብቻ ያልፈዋል። ዴስክቶፕ ከሆነ፣ ጠፍቶም ቢሆን ሶኬት ላይ እስካለ ድረስ ጥቂት ኃይል ስለሚደርሰው ገመዱን ይንቀሉና የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንዶች ተጭነው የቀረውን ኃይል ያስወጡ፤ ከዚያ ሰክተው ያብሩት። ራም ለመጨመር ወይም ሌላ የውስጥ ዕቃ ለመቀየር ሲታሰብም ገመዱን መንቀል ግዴታ ነው።

ፋስት ስታርትአፕን ለዘለቄታው ማጥፋት የሚፈልግ፣ በኮንትሮል ፓነል ውስጥ «ፓወር ኦፕሽንስ» ገብቶ የማብሪያ ቁልፎች ሥራ ከሚወሰንበት ገጽ ላይ ምልክቱን ማንሳት ይችላል። ኤስኤስዲ የተባለው ፈጣን ዲስክ ባለው ኮምፒውተር ላይ የሚታጣው ፍጥነት ብዙም ስለማይሰማ እኔ ማጥፋቱን እመርጣለሁ፤ ከዊንዶውስ ጎን ሊነክስ የተባለውን ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ለጫነ ሰው ደግሞ ማጥፋቱ በጣም ይመከራል፤ በከፊል የተዘጋውን የዊንዶውስ ክፍል ሊነክስ ገብቶ ቢጽፍበት ፋይሎች ሊበላሹ ይችላሉና።

የማብሪያውን ቁልፍ ተጭኖ ይዞ በግድ ማጥፋት ከእነዚህ ከሁለቱም የተለየ ነው። ከርነሉም ሆነ ያልተቀመጠ ሥራ ዲስክ ላይ ሳይጻፍ ስለሚቋረጥ፣ ባትሪ በሌለው ኮምፒውተር ላይ መብራት ድንገት እንደሄደ ይቆጠራል፤ ስክሪኑ ደርቆ ማውሱም ኪቦርዱም አልታዘዝ ሲሉ ብቻ የሚደረግ ነው።