ለገና መጽሐፍና መዝሙር ለምትገዙ

ለልጆች የገና መጽሐፍ ልትገዙ ካሰባችሁ ዋዜማውን አትጠብቁ። ያን ጊዜ ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ ሰው የሚሯሯጠው ለዶሮና ለቅቤ ነው፤ ቆሞ ለማገላበጥ አይመችም። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ሲገባ ብትጀምሩ ከ40 ቀን በላይ አላችሁ።

ስትመርጡ ሽፋኑን ተዉትና መካከሉን ግለጡ። ፊደሉ ደቃቃ ከሆነ ወይም ጥራዙ ሲገለጥ ከተሰነጠቀ መልሱት። ከዚያ አንድ ገጽ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ አንብቡ፤ የእናንተን ምላስ የሚያደናቅፍ ዓረፍተ ነገር ልጁንም ያደናቅፈዋል። እኔ አንድ ዓመት በሥዕሉ ተማርኬ የገዛሁት መጽሐፍ ትርጉሙ ከመንሻፈፉ የተነሣ የስድስት ዓመቷ ልጄ «እረኞቹ ምን አሉ?» ብላ ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ። እኔም አልገባኝም ነበር።

መዝሙር አሁን በብዛት የሚጫነው በፍላሽ ነው። ሳትከፍሉ እዚያው ሱቁ ውስጥ ሦስት አራቱን እስከ መጨረሻው አስከፍቱ፤ መሐል ላይ የሚቆረጥ አይጠፋም። የበገናውንና የከበሮውን ለየብቻ እንዲጭኑላችሁም ጠይቁ። በገና ለጾሙ ማታ ነው፣ ከበሮና እልልታ ለበዓሉ። ተቀላቅለው ከመጡ ስንት ሰዓት አባብላችሁ ያስተኛችሁትን ሕፃን ከበሮው ያስነሣባችኋል።

ገንዘብ ካጠረ ደግሞ ቤት ያለውን መጽሐፍ ቅዱስ አውጡ፦ የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2፣ ከቁጥር 1 እስከ 20። ቡናው እስኪፈላ ያልቃል።