ዝናብ ቢጠፋም አበባ አለ

የጓሮዬ ሳር ደርቋል። ዚኒያና ኮስሞስ የሚባሉት አበቦቼ ግን ዛሬም አብበዋል። ዋናው ነገር አጠጣጡ ነው። በየቀኑ ላይ ላዩን ብቻ ካረጠባችሁት ሥሩ ወደ ታች አይወርድም፤ ፀሐይ ሲበረታ ቶሎ ይጠወልጋል። እኔ በሳምንት 1 ወይም 2 ቀን፣ በማለዳ፣ ከሥሩ ቀስ እያልኩ አጠጣለሁ። ከዚያ ጣቴን አፈሩ ውስጥ እሰዳለሁ። ውስጡ ደረቅ ከሆነ እጨምራለሁ። አትክልት ያጠብኩበትን ውሃም አልደፋም።

አፈሩን 5 ሴንቲሜትር ያህል በደረቅ ሳር ሸፍኑት፤ ግንዱን ግን አይንካ። ማዳበሪያ ለጊዜው ይቅር። ማዳበሪያ ለጋ ቅጠል ያስወጣዋል፤ ለጋ ቅጠል ባወጣ ቁጥር ደግሞ ተክሉን ውሃ ይጠማዋል።

የጠወለገውን አበባ ዘር ሳይቋጥር ቁረጡት፤ አዲስ እምቡጥ ያወጣል። እኔ ይህን ሥራ ማታ ማታ አልተውም። በዚህ ድርቅ ንቦቹ የሚቀስሙት ሌላ ብዙ አበባ የላቸውም፣ ያሳዝኑኛል። ወቅቱ ሲያልቅ ጥቂቶቹን ሳትቆርጡ ተዉአቸው፤ ለከርሞ ዘር ይሆናሉ።