ችግኙ ለምን ደረቀ? መልሱ ሥሩ ላይ ነው

የካቲት ላይ አንድ የደረቀ የጽድ ችግኝ ከጉድጓዱ ነቀልኩ። የተተከለው ሐምሌ ላይ ነበር። አፈሩን አራግፌ ሥሩን ሳየው አሁንም የከረጢቱን ቅርጽ እንደያዘ ነው። ሰባት ወር ሙሉ አንዲት ሥር እንኳ ወደ ጎን ወጥታ አዲስ አፈር አልነካችም። ጉድጓዱን አንድ ስንዝር ዝቅ አድርጌ ስቆፍር አፈሩ እርጥብ ነው። ችግኙ የሞተው ውሃ አጠገቡ እያለ ነው።

እንዲህ ሲያጋጥመን “ዝናቡ ቶሎ ቀረ” እንላለን። ወይም “ጽድ ድሮም አስቸጋሪ ነው” ብለን እናልፈዋለን። ግን ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባና ጥቁር እንጨት በደን ውስጥ ብቻቸውን አያድጉም። ሥራቸው ውስጥ የሚኖር ፈንገስ አለ። ይህ ሽርክና ማይኮራይዛ ይባላል። ፈንገሱ ከፀጉር የቀጠኑ ክሮቹን ሥሩ ከሚደርስበት አልፎ ይዘረጋል፤ ፎስፈረስና ውሃ ያመጣል። ዛፉ ደግሞ በቅጠሉ ከሠራው ስኳር ያካፍለዋል። እኛ ብዙ ጊዜ ዘሩን ከደን እንለቅምና ሸሪኩን እዚያው ትተነው እንመጣለን።

መጀመሪያ ቀላሉን አጣሩ

ሁሉንም በፈንገስ ማሳበብ አይገባም። የሞተውን ችግኝ ንቀሉና እዩት። ከረጢቱ ሳይቀደድ ተተክሎ ይሆናል፤ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ፣ ባየሁ ቁጥርም ያመኛል። ዋናው ሥር ከታች ተጠምዝዞ ከሆነ የችግኝ ጣቢያው ውስጥ ከመጠን በላይ ቆይቷል ማለት ነው። ቅርፊቱ ተበልቶ ከሆነ ምስጥ ወይም ከብት ነው። ጫፉ ብቻ ተቃጥሎ ከሆነ ደግሞ ውርጭን ጠርጥሩ። ከነዚህ አንዱም ካልሆነና ሥሩ ንጹሕ፣ ራቁቱንና ቅርንጫፍ የሌለው ከሆነ ወደሚቀጥለው እለፉ።

ምልክት፦ ችግኙ ጣቢያ ውስጥ ቆሞ ቀረ

ወራት አልፈዋል፣ ቁመቱ ግን ያው ነው። ቅጠሉ ደብዝዟል፤ አንዳንዱ ወደ ሐምራዊ ያደላል። ውሃ ይጠጣል፣ አይሞትም፣ አያድግምም።

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከረጢቱ የተሞላበት አፈር ነው። ከጥልቅ ጉድጓድ የወጣ አፈርና የወንዝ አሸዋ በሽርክና የሚኖር ፈንገስ እምብዛም የላቸውም። “በሽታ እንዳይኖረው” ተብሎ የተቀቀለ ወይም በመድኃኒት የታጠበ አፈርም እንደዚያው ነው። መጥፎውን ስናጠፋ ጥሩውም አብሮ ይሄዳል።

መፍትሄው የደን አፈር ነው። የቆዩ የችግኝ ጣቢያ ሠራተኞች ይህን ያውቁታል። ሳይንሱ የጨመረው ግን አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ የትኛው ደን፣ ከየትኛው ዛፍ ሥር የሚለውን። ዶክተር ተስፋዬ ውበትና ባልደረቦቻቸው በኢትዮጵያ ደጋ ደረቅ ደኖች የሚገኙ የአገር በቀል ዛፎችን ሥር መርምረው እ.ኤ.አ. በ2003 ውጤቱን አሳትመዋል። አብዛኞቹ ዛፎች አርባስኩላር የሚባለው፣ ፈንገሱ ሥሩ ሕዋስ ውስጥ የሚገባበት የማይኮራይዛ ዓይነት ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ በአንድ ደን ውስጥ አብረው የሚኖሩ ጽድና ዝግባ በየሥራቸው የያዙት የፈንገስ ስብስብ የተለያየ መሆኑን አሳዩ። ጎረቤት ናቸው፣ ሸሪኮቻቸው ግን ለየብቻ ናቸው።

ይህ ለአንድ ባለ አካፋ ሰው ቀጥተኛ መልእክት አለው። ለጽድ ከጽድ ሥር፣ ለዝግባ ከዝግባ ሥር አፈር ውሰዱ። ፓቱላ የሚባለው ከውጭ የመጣ ዛፍ ደን አፈር ጥቁርና ለም ስለሚመስል ብዙ ሰው ይመርጠዋል። ፓቱላ ግን ሽርክናው ከሌላ ወገን ፈንገስ ጋር ነው። የእሱ ሸሪክ የጽድን ሥር አይረዳም።

አወሳሰዱ እንዲህ ነው። ጤነኛ የሆነ ትልቅ ዛፍ ምረጡ። የረገፈውን ቅጠል በእጃችሁ ግለጡ። ከላይኛው ከ10 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ካለው አፈር ከነቀጫጭን ሥሩ ትንሽ ዝገኑ፤ ፈንገሱ አፈሩ ውስጥ ብቻ ሳይሆን እነዚያ ቁርጥራጭ ሥሮች ውስጥም አለ። ከአንድ ቦታ ጆንያ ሙሉ አትዛቁ። ከአምስት ስድስት ዛፍ ጥቂት ጥቂት ውሰዱ፤ ጉድጓዱን መልሳችሁ በቅጠል ሸፍኑት። ችግኛችንን እናድናለን ብለን ደኑን ብንጎዳ ምን ጥቅም አለው? ጥላ ሥር አኑሩት፣ ፀሐይ ላይ አታስጡት፣ በጥቂት ቀን ውስጥ ተጠቀሙበት። ከአሥር እጅ ድብልቅ አንድ እጅ ይበቃል። ዘሩ ወይም ቡቃያው ከሚያርፍበት ዝቅ ብሎ ቢነጠፍ ሥሩ ወርዶ ያገኘዋል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ከጫፉ እየደረቀ ካለ ዛፍ ሥር አፈር አትውሰዱ። ግንዱ መሬት በሚነካበት ቦታ ቅርፊቱን ትንሽ አንሡ። ከቅርፊቱ በታች እንደ ስስ ጨርቅ የተነጠፈ ነጭ ነገር ካያችሁ አርሚላሪያ የሚባለው ሥር አበስባሽ ፈንገስ ሊሆን ይችላል። ያንን አፈር ወደ ጣቢያ ማምጣት በሽታ ማምጣት ነው።

ምልክት፦ ጣቢያ ላይ የለመለመው መስክ ላይ ሞተ

ይህ ከሁሉም ያሳዝናል፤ የሚሞተው ቆንጆው ችግኝ ነውና። በየቀኑ ውሃ ጠጥቷል፣ ከዳሱ ጥላ ወጥቶ አያውቅም፣ ዳፕ ወይም ኤንፒኤስ የሚባል ፎስፈረስ ያለበት ማዳበሪያ ተጨምሮለታል። ፎስፈረስ በማንኪያ የሚቀርብለት ችግኝ ደግሞ ፈንገሱን አያስጠጋም፤ ስኳሩን ለምን ይከፍላል? መስክ ሲወጣ ማንኪያው ይቀራል፣ ሸሪክም የለውም።

ማዳበሪያውን ቀንሱ፣ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት በልክ ተጠቀሙ። ከመትከያው በፊት ባሉት የመጨረሻ ሳምንታት ጥላውን በጥቂቱ አንሡ፣ ውሃውን አራርቁ። ዶክተር እምሩ ብርሃኔና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ሙከራ፣ ፈንገሱ ያላቸው የእጣን ዛፍ ችግኞች ውሃ እየመጣ በሚቋረጥበት ሁኔታ ከሌላቸው የተሻለ አድገዋል፤ ውሃውንም በተሻለ ተጠቅመውበታል። ዝናቡ መጥቶ የሚጠፋበት የኛ መስክ ከዚህ አይለይም።

ምልክት፦ ቡቃያው አንገቱ ቀጥኖ ይወድቃል

ይህን የሚያመጡት አጥፊ ፈንገስና መሰሎቹ ናቸው። ውሃ በዝቷል፣ ዘሩ ተጠጋግቷል። አራርቃችሁ ዝሩ፣ ጠዋት ብቻ አጠጡ፣ የወደቀውን አውጡ። መድኃኒት መርጨት የመጨረሻው አማራጭ ይሁን።

ምልክት፦ በደብሩ ደን ትልልቅ ዛፍ እንጂ ልጅ ዛፍ የለም

ሰሜኑ ላይ አሮጌ ደን የቀረው በብዛት በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ነው። ለኔ እነዚህ ደኖች የዘር ብቻ ሳይሆን የፈንገስም ጎተራ ናቸው። ከብት ገብቶ ሲረግጣቸው ቡቃያው ይበላል፣ አፈሩ ይጠቀጠቃል። የደቡብ ጎንደርን ደኖች ያጠኑት ዶክተር አለማየሁ ዋሴ ከአሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው ከየደብሩ ሰው ጋር የድንጋይ ካብ ማሠራትን ደግፈዋል። ድንጋዩ ከማሳው የተለቀመ ነው። ገበሬው ማሳው ይጠራለታል፣ ደኑ ይታጠራል። ካቡ እስኪሠራ ድረስ የረገፈውን ቅጠል ጠርጎ ማቃጠሉን ማቆም ትልቅ ነገር ነው።

ከዚህ አፈር ስትፈልጉ መጀመሪያ አስተዳዳሪውን አስፈቅዱ። “አባቴ፣ ለችግኝ የሚሆን ከዝግባው ሥር ጥቂት አፈር ብንወስድ?” በሏቸው። ለምን እንደሆነ ሲገባቸው የትኛው ዛፍ አሮጌ እንደሆነ ራሳቸው ያሳያችኋል።

ሠርቶ እንደሆነ እንዴት ታውቃላችሁ?

ይህ ፈንገስ በዓይን አይታይም። ቤተ ሙከራና ማይክሮስኮፕ ያለው ትምህርት ቤት አጠገባችሁ ካለ ግን መምህሩን ጠይቁ። ቀጭን ሥር በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ተቀቅሎ ይነጣል፤ ያቃጥላልና ይህን መምህሩ ይሥራው። ከዚያ ጥቁር የብዕር ቀለም ጠብ ባለበት ኮምጣጤ ለሦስት ደቂቃ ይፈላል። ሥሩ ሲታጠብ ፈንገሱ ቀለሙን ይዞ ይቀራል። በማይክሮስኮፑ ስታዩት በሥሩ ሕዋስ ውስጥ ትንንሽ ዛፍ የመሰለ ቅርንጫፍ ይታያል።

ማይክሮስኮፕ ከሌለ ቆጠራ አለ። ከአንድ እናት ዛፍ ዘር 100 ችግኝ አፍሉ፤ ለ50ው የደን አፈር ጨምሩ፣ ለ50ው አትጨምሩ፣ ሌላው ሁሉ እኩል ይሁን። በሁለት ዓይነት ቀለም ክር እሰሯቸው፣ አደባልቃችሁ ትከሏቸው። በጋው ሊያልቅ ሲል፣ መጋቢት ላይ፣ የቆሙትን በየቀለማቸው ቁጠሩና ቁጥሩን ጣቢያው መዝገብ ላይ ጻፉት።