12,345,678,987,654,321 ሲያስቸግራችሁ፦ ችግርና መፍትሄ

ምሥራቅ ጎጃም ቢቸና ውስጥ ሒሳብ የማስጠናቸው ልጆች አንድ የሚወዱት ቁጥር አላቸው። 111,111,111ን በራሱ ስናባዛው 12,345,678,987,654,321 ይመጣል፤ እስከ 9 ወጥቶ ተመልሶ ይወርዳል። የሚሳሳቱበት ቦታ ግን በየዓመቱ ያው ነው።

ስልክ መጨረሻውን 320 ካደረገባችሁ፦ ብዙ ፕሮግራሞች ለቁጥሩ አሃዞች የሚሰጡት ቦታ 53 ቢት (0 ወይም 1 የሚይዝ ቦታ) ነው። ከ9,007,199,254,740,992 በላይ ኢተጋማሽ ቁጥር ስለማይገባ ወደ ተጋማሽ ይጠጋል። ኤክሴል ደግሞ ከ15ኛው አሃዝ በኋላ ያለውን ዜሮ ያደርገዋል። በ1 የሚያልቅ ቁጥር በራሱ ሲባዛ በ1 ማለቅ አለበት፤ ካላለቀ ወረቀት አውጡ።

አሥረኛ አንድ ሲጨመር መልሱ «…8910987…» ከሆነ፦ ይሄ ከሁሉም በላይ የምወደው ስህተት ነው፤ ልጁ ሥርዓቱን አይቷል ማለት ነውና። አንዲት ተማሪዬ በባለ ካሬ ደብተር አሥሩን ረድፍ እየገፋች ጻፈች፤ መሃሉ ላይ ስትደርስ አሥር አንዶች ተደርድረው አገኘች። 0 ጽፋ 1 ያዘች። ቀጥሎ ያለው 9 ከተያዘው ጋር 10 ሆነ፤ እንደገና 0 ጽፋ 1 ያዘች። 8ቱ 9 ሆነ። መልሱ 1,234,567,900,987,654,321 ነው። «8ን በላው!» አለች፣ እርሳሷን እዚያው ላይ አቁማ። መፍትሄው ይኸው ነው፦ አትገምቱ፣ ረድፉን ደምሩ።

አካፋይ ፍለጋው 111,333,666,889 ላይ ከቆመ፦ 3ን አራቴ፣ 37ን ሁለቴ አውጥታችኋል፤ እስከዚያ ትክክል ናችሁ። የቸገራችሁ ትልቁን ቁጥር ስለያዛችሁ ነው። ዘሩን 111,111,111ን ያዙ። የአሃዞቹ ድምር 9 ስለሆነ ለ9 ይካፈላል፤ 12,345,679 ይሆናል (እዚህም 8 የለም)። ለ37 ሲካፈል 333,667 ይቀራል። እስከ 577 ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች (ከ1ና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የሌላቸውን) ብትሞክሩ አንዱም አያካፍለውም፤ 578 በራሱ ሲባዛ ከ333,667 ስለሚበልጥ ከዚያ ወዲያ መልፋት አያስፈልግም። ስለዚህ ቁጥራችን 3⁴ × 37² × 333,667² ነው፤ አካፋዮቹም 5 × 3 × 3 = 45። 44 ያገኘ ሰው 111,111,111ን ረስቶታል፤ ጥንዱ ራሱ ነው።

በግዕዝ ቁጥር መጻፍ ካቃታችሁ፦ ምክንያቱ ሦስት ሦስት እያደረገ የሚከፍለው ኮማ ነው። ከአብነት ትምህርት የመጣ አንድ ልጅ ሰሌዳው ላይ ኮማዎቹን በመዳፉ አጠፋና ከቀኝ ጀምሮ ሁለት ሁለት አድርጎ ከፈለው፦ 1 23 45 67 89 87 65 43 21። ከመጨረሻው ጥንድ በስተግራ ባሉት ላይ ተራ በተራ ፻ (100) እና ፼ (10,000) ጨመረ፤ ለመጀመሪያው 1 ግን ፼ ብቻውን በቃው። እንዲህ ወጣ፦

፼፳፫፻፵፭፼፷፯፻፹፱፼፹፯፻፷፭፼፵፫፻፳፩