ፓነል ጠፋ ብላችሁ ሥራችሁን አታጥፉ

ኤዲቲንግ የሚለማመድ ሰው «ኧረ ሁሉም ነገር ጠፋብኝ!» ብሎ ሲጠራኝ፣ አብዛኛውን ጊዜ የጠፋው አንድ ፓነል፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ ካሉት የፕሮግራሙ መስኮቶች አንዱ ብቻ ነው። የቆረጠው ቪዲዮ፣ ያስተካከለው ድምፅ፣ የጻፈው ርዕስ ሁሉ ፕሮጀክቱ ውስጥ በሰላም ተቀምጧል። ጉዳት የሚደርሰው ከዚያ በኋላ፣ በድንጋጤ በሚነካካው ነገር ነው። የምጽፈው በዋናነት ስለ ቪዲዮ ማቀናበሪያው አዶቢ ፕሪምየር ፕሮ ነው፤ ሌላውን ማቀናበሪያ፣ ዳቪንቺ ሪዞልቭን፣ ለምትጠቀሙም የሚሆን ነገር አለበት።

የጠፋ ፓነልን በኮንትሮል ዜድ መፈለግ

ይህን ማየት በእውነት ሰልችቶኛል። ፓነሉ በስህተት ይዘጋል፣ ወይም ማውሱ ይዞት ሄዶ ሌላ ቦታ ይለጥፈዋል። ጣት ወዲያው ኮንትሮል ዜድ ላይ ያርፋል። ፓነሉ አይመለስም። እንደገና ይጫናል፤ አሁንም የለም፤ ደግሞ ይጫናል። ፕሪምየር የፓነሎችን አቀማመጥ በኮንትሮል ዜድ ከሚመለሱት ነገሮች አይቆጥረውም፤ የሚቆጥረው ሥራችሁን ነው። ስለዚህ በተጫናችሁ ቁጥር የመጨረሻውን ቁርጥ፣ ቀጥሎ ከእሱ በፊት የነበረውን፣ ቀጥሎ ያስተካከላችሁትን ድምፅ እየሰረዘ ይሄዳል። ዓይናችሁ ፓነሉን ሲፈልግ ታይምላይኑ ላይ፣ ክሊፖቹ በተደረደሩበት ቦታ፣ የሚሆነውን አታዩም።

አንድ ተማሪ በሦስት ካሜራ የተቀረጸ የመልስ ዝግጅት ሲሠራ ኢፌክት ኮንትሮልስ (የክሊፕ መጠንና ኢፌክት የሚስተካከልበት ፓነል) ተዘጋበት። ኮንትሮል ዜድ ደጋግሞ ተጫነ። አልመጣ ሲለው ፕሮግራሙ ቆሞ እንደሆነ ለማየት አንዱን ክሊፕ በምላጩ ቆረጠ። ያቺ አንዲት ቁርጥ ናት ጉድ የሠራችው። እስከዚያች ድረስ ኮንትሮል ሺፍት ዜድ ቢጫን ሁሉም ይመለስለት ነበር፤ አዲስ ነገር ከተሠራ በኋላ ግን መመለሻው ይዘጋል። እስክስታው ላይ ከካሜራ ካሜራ ሲቀያይር የዋለበት ሥራ ሄደ። ያዳነን ከፕሮጀክቱ ፋይል አጠገብ ያለው የአውቶ ሴቭ ፎልደር ነው፤ እዚያ ውስጥ ቀደም ያለ ቅጂ ተገኘ።

እባካችሁ ይህን ያዙ። ፓነል ሲጠፋ ላይ ያለውን «ዊንዶው» ሜኑ ክፈቱና ስሙን ምረጡ፤ ፓነሎቹ ሁሉ እዚያ ተዘርዝረዋል። ሁሉም ከተዘበራረቀ አልት፣ ሺፍት እና 0 አንድ ላይ ተጫኑ፤ ማክ ላይ ኦፕሽን፣ ሺፍት እና 0 ነው። አቀማመጡ መጨረሻ ወደተቀመጠበት ሁኔታ ይመለሳል፣ አንድም ክሊፕ አይነካም። ኮንትሮል ዜዱን አስቀድማችሁ ከተጫናችሁ ደግሞ እጃችሁን ሰብስቡ፣ ምንም አትቁረጡ፣ ምንም አታንቀሳቅሱ፤ ታይምላይኑን እያያችሁ ሥራው እስኪመለስ ኮንትሮል ሺፍት ዜድ ተጫኑ።

ፕሮግራሙን ነቅለው እንደገና የሚጭኑም አሉ። በዚህ አገር ኢንተርኔት ያንን ሁሉ ጊጋባይት ማውረድ! ሲነቀል «ምርጫዎቼ ይቆዩ» ካላችሁ ደግሞ ያው የተዘበራረቀ አቀማመጥ አብሮ ይመለሳል።

«ታይምላይኔ ባዶ ሆነ»

የሲኩዌንሱን (ታይምላይኑ ላይ የደረደራችሁትን ሥራ) ስም የያዘችውን ጆሮ፣ ማለትም ከፓነሉ አናት ያለችውን ታብ፣ ዘግታችኋት ነው። አልተሰረዘም። ፕሮጀክት ፓነል ውስጥ ሲኩዌንሱን ፈልጋችሁ ሁለቴ ክሊክ አድርጉት።

የማሳያውን ማጉያ ከምስሉ መጠን ጋር ማምታታት

የታይምላይኑን ሥራ በሚያሳየው በፕሮግራም ሞኒተር ሥር በስተግራ በኩል በመቶኛ የተጻፈ ትንሽ ምርጫ አለ። እሱ ማሳያው ምስሉን በምን ያህል አጉልቶ እንደሚያሳያችሁ ብቻ ይወስናል፤ ኤክስፖርት የሚደረገውን ቪዲዮ አይነካም። ሳይታወቅ 100 ላይ ከተቀመጠ፣ በትንሽ ፓነል ውስጥ የ1920 በ1080 ቪዲዮ መሐሉ ብቻ ይታያል። ቪዲዮው 4ኬ ከሆነ ደግሞ የሙሽራዋ አፍንጫ ብቻ ሊታይ ይችላል። ጀማሪው ምስሉ የተቆረጠ ይመስለውና ኢፌክት ኮንትሮልስ ገብቶ ስኬሉን (የምስሉን መጠን) ወደ 60 ወይም 50 ያወርደዋል። አሁን በፓነሉ ውስጥ ልክ ሆኖ ይታየዋል፣ ደስ ይለዋል፣ ክሊፑን ሁሉ እንዲሁ ያደርገዋል፣ ኤክስፖርት ያደርጋል። ደንበኛው ቤቱ ቴሌቪዥን ላይ ሲከፍተው ምስሉ መሐል ላይ አንሶ፣ ዙሪያው ጥቁር ሆኖ ያገኘዋል። እንዲህ ተሠርቶ የተመለሰ ሥራ ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ማረሚያው ክሊፕ በክሊፕ ነው።

መቶኛውን ሁልጊዜ «ፊት» (Fit) የሚለው የእንግሊዝኛ ምርጫ ላይ አድርጉት፤ ምስሉን ከፓነሉ ልክ ጋር የሚያስማማው እሱ ነው። በማሳያው ጠርዝ ላይ መንሸራተቻ ካያችሁ መቶኛው ከዚያ ወጥቷል ማለት ነው። ስኬል የሚነካው ምስሉ በእርግጥ እንዲያንስ ወይም እንዲያድግ ስትፈልጉ ብቻ ነው።

የትኛው ፓነል እንደተመረጠ አለማየት

የተመረጠው ፓነል ዙሪያውን ሰማያዊ መስመር አለው። ኪቦርዱ የሚታዘዘው ለእሱ ነው። ስፔስ ስትጫኑ ሌላ ቪዲዮ የሚጫወትባችሁ ሶርስ ሞኒተሩ (ያልተቆረጠውን ክሊፕ የሚያሳየው) ተመርጦ ስለሆነ ነው። የከፋው ዲሊት ነው። ከታይምላይን አንድ ቁራጭ ልታጠፉ አስባችሁ ፕሮጀክት ፓነሉ ተመርጦ ከሆነ ዋናውን ክሊፕ ልታስወጡ ነው። ክሊፑ ሲኩዌንስ ውስጥ ካለ ፕሪምየር ያስጠነቅቃችኋል፤ ሰው ግን መልእክቱን ሳያነብ «የስ» ይላል። ኮንትሮል ዜድ የሚያስፈልገው እንዲህ ያለው ቦታ ላይ ነው። ከመሰረዛችሁ በፊት ሺፍት እና 3 ተጫኑ፤ ታይምላይኑ ይመረጣል።

ኪቦርዱን አማርኛ ላይ ትቶ አቀማመጡን መርገም

ይህ የእኛ የራሳችን ጣጣ ስለሆነ በውጭዎቹ ትምህርቶች አታገኙትም። የአማርኛ ርዕስ ለመጻፍ ፓወር ግዕዝ ወይም ኪማን ትከፍታላችሁ፣ ጽፋችሁ ትጨርሳላችሁ፣ ከዚያ ምላጩን ለመያዝ «ሲ» ስትጫኑ ምንም የለም። ቪዲዮውን የሚያጫውቱትና የሚያቆሙት ጄ፣ ኬ፣ ኤልም አይሠሩም። «ፓነሉ ደረቀ» ተብሎ መዘበራረቅ ይጀመራል። ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ መልሱ፣ ከጽሑፉ ሳጥን ውጡ፣ ታይምላይኑን አንዴ ክሊክ አድርጉት።

ከ1 ቁጥር በስተግራ ያለችውን ቁልፍም እወቋት፤ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች በመጡ ላፕቶፖች ላይ የዐረብኛው ዛል የተጻፈባት ናት። ማውሱ ያለበትን ፓነል ስክሪኑን ሙሉ ታደርገዋለች። «ከታይምላይን በቀር ሁሉም ጠፋ» የሚባለው ሳያውቁ እሷን ሲነኩ ነው። ደግማችሁ ስትጫኗት ሁሉም ይመለሳል። አውቆ ለሚጠቀምባት ግን በጠባብ ስክሪን ላይ ከእሷ የሚሻል መፍትሔ የለም፦ ሲቆርጡ ታይምላይኑን ማስፋት፣ ከለር ሲነኩ ሞኒተሩን ማስፋት።

የጠባብ ስክሪን ነገር

1366 በ768 በሆነ ላፕቶፕ ላይ የዩትዩብ አስተማሪ በሁለት ትልልቅ ሞኒተር የዘረጋውን አቀማመጥ መኮረጅ አያዛልቅም። የማትነኩትን ፓነል ዝጉ። ሶርስ፣ ኢፌክት ኮንትሮልስና የከለር ፓነሉን ሉሜትሪን አንድ ቦታ ላይ በጆሮ ደራርቧቸው። ፓነል ስትጎትቱ የሚያርፍበት ቦታ ቀለሙ ይለወጣል፦ መሐሉ ላይ ከለቀቃችሁት ይደረባል፣ ጠርዙ ላይ ከለቀቃችሁት ቦታውን ለሁለት ይከፍለዋል። ሳያዩ መልቀቅ ነው ስክሪኑን ቁርጥራጭ የሚያደርገው። ለመቆጠብ ብላችሁ ግን የድምፅ መለኪያውን አትዝጉት። በላፕቶፕ ስፒከር ደህና የመሰለው የዘፈን ድምፅ አዳራሽ ውስጥ ሲንጫጫ ሰምቻለሁ፤ መለኪያው ቀይ ላይ ሲመታ ያየ አልነበረም።

ሪዞልቭን እንደ ፕሪምየር መጎተት

አይጎተትም። ሪዞልቭ ሥራውን ከታች በተደረደሩት ገጾች ከፋፍሎታል፤ ፓነሎቹን ከላይ ባሉት ቁልፎች ትከፍታላችሁ፣ ትዘጋላችሁ፣ ድንበራቸውን ታሰፋላችሁ፣ በቃ። ከፕሪምየር የመጣ ሰው ይናደዳል፤ እኔ ግን ጀማሪ እንዳይዘበራረቅበት ሪዞልቭን እመርጥለታለሁ። ከተበላሸ «ወርክስፔስ» ሜኑ ውስጥ «ሪሴት ዩአይ ሌይአውት» አለ።

ሁለተኛ ሞኒተር ነቅሎ መሄድ

ስቱዲዮ ውስጥ ተንሳፋፊ ፓነል ሁለተኛው ሞኒተር ላይ ታስቀምጣላችሁ፤ ቤት ስትገቡ ፓነሉ በሌለ ስክሪን ላይ ሊቀር ይችላል። እዚህም አልት ሺፍት 0 ይመልሰዋል። የሚሻለው ሁለት አቀማመጥ ሠርቶ «ቤት» እና «ስቱዲዮ» ብሎ ማስቀመጥ ነው።

ያልተቀመጠ አቀማመጥ ላይ መመካት

ሪሴት የሚመልሳችሁ ወደ ተቀመጠው አቀማመጥ ነው። ሳምንት ሙሉ ያደላደላችሁትን ሳታስቀምጡ ሪሴት ካደረጋችሁ እሱም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ አቀማመጡ እንደተስማማችሁ ወዲያው ከዊንዶው ሜኑ «ወርክስፔስስ» ውስጥ «ሴቭ አዝ ኒው ወርክስፔስ» ብላችሁ በስማችሁ አስቀምጡት። ፕሮጀክት ከሌላ ኤዲተር በተቀበላችሁ ቁጥር አቀማመጣችሁ የሚለወጥ ከሆነ፣ እዚያው ሜኑ ውስጥ «ኢምፖርት ወርክስፔስ ፍሮም ፕሮጀክትስ» የሚለውን ምልክት አንሡ። ኮምፒውተር ስትቀይሩም ዶክዩመንትስ ውስጥ አዶቢ፣ ከዚያ ፕሪምየር ፕሮ፣ ከዚያ የቨርዥኑ ቁጥር፣ ከዚያ ፕሮፋይል የሚል ፎልደር ታገኛላችሁ፤ በውስጡ ያለውን «ሌይአውትስ» በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ።